የአንጓች ክምር

አንጓች ከባዘዘው ጋር የተቆራረጠችው በሁለት ቃል ምክንያት ነው። ባዘዘው ዋርሳዋ ነው፤ የባሏ ታናሽ ወንድም። አንድ ግቢ ኖረዋል፤ አንድ መሶብ ቀርበዋል። ሁለቱን ቃል ሲናገር እሷ በጆሮዋ አልሰማችም፤ በቦታው የነበሩ ናቸው የነገሯት።

ከተራራው የሚወርደው በረዶ ሳይደርስ ተብለው የተላኩት መቃብር አንሺዎች ቀይ ቀለም ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ገቡ አሉ። እያንዳንዱ መቃብር ላይ ቆመው «የማነው?» ብለው ይጠይቃሉ። «የአባቴ ነው»፣ «የእህቴ ነው» የሚል ካለ ቀለም ይቀቡታል። የተቀባው ይከፈታል፤ አፅሙ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ መንደሩ ካለበት የድንጋይ ጉብታ፣ ከአሮጌው ክምር ማዶ ወደ ተሠራው አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ይፈልሳል። ያልተቀባው እዚያው ይቀራል። የዝናሽ መቃብር ላይ ሲደርሱ ባዘዘው አጠገቡ ቆሞ ነበር።

«ይሄስ የማነው?»

«ባለቤት የለውም» አለ።

ዝናሽ የአንጓች ልጅ ነበረች፤ ከሷ ሌላ አልወለደችም። አንሺዎቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ በዚያው ክረምት የልጆች ሳል ገብቶ ከወሰዳቸው አንዷ ነች። አባቷ ሞላ ከራስጌዋ ያቆመላት ድንጋይ እንደ ሌላው ጥቁር አልነበረም፤ ቀይ ሆኖ መሀል ወገቡን ነጭ መስመር ይዞረዋል፤ መቀነት የታጠቀ ይመስላል። ከገደሉ ሥር ድረስ ወጥቶ፣ መርጦ፣ በጀርባው ተሸክሞ ነው ያመጣው። አንሺዎቹ የመጡ ጊዜ ሞላ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዶ ሙቀት መትቶት ነበር፤ አንጓችም ልታስታምመው ሄዳለች። ሞላ ቶሎ አልዳነም፣ ቶሎም አልሞተም። ሁለት ክረምት አስታማው እዚያው ቀበረችው። ተመልሳ ስትመጣ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በረዶ ውስጥ ገብቷል።

የበረዶው ጽሕፈት ቤት ሄዳ ጮኸች። «እናት፣ መቃብሩ አልጠፋም፤ ተሸፍኗል እንጂ» አላት ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ። በትሕትና ነው የተናገረው።

ሰው ሲሞት «አፈሩን ገለባ ያድርግለት» ይባላል። በረዶውን ምን ያድርግላት ተብሎ እንደሚጸለይ ግን ያስተማረ ቄስ የለም።

ታች አገር ከሙቀቱ የተነሳ ቀን ቀን ሰው ከቤት መውጣት ካቆመ ቆይቷል። ወንዞቹ ከገና ወዲያ አሸዋ ናቸው። የተገደበውን ውሃ ፀሐይ እየጠጣችው ስላስቸገረ፣ ውሃን ለበጋ ለማሳደር በረዶ ይሻላል ተባለ። በረዶ የሚያሳድር ብርድ ደግሞ ስሜን ላይም እየጠፋ ነበርና ብርዱን ራሱን መሥራት ግድ ሆነ። ከገደሉ ሥር ያለው ትልቁ ጎድጓዳ ውስጥ ውሃ የሚያበርድ ቧንቧ ተዘረጋ። የክረምቱ ውሃ እዚያ ይቀራል፤ ያምናው ላይ የዘንድሮው ይደረባል። በረዶው ሲከብድ ጊዜ መራመድ ጀመረ።

ቅጥሩን ከዋጠ፣ አንጓችም ከተመለሰች በኋላ ጽሕፈት ቤቱ ሕዝቡን ሰበሰበ። ኢንጂነሩ የቆመበትን መሬት በእግሩ መታ መታ እያደረገ፣ «ቤታችሁን የሠራችሁበት ጉብታ የድሮ በረዶ ያመጣው ነው» አለ። «ሰው እዚህ ሳይኖር ይሄ ተራራ በረዶ ነበረው። እየተንፏቀቀ ወረደ፤ ድንጋዩንም እየገፋ፣ እየተሸከመ መጣ። እዚህ ሲደርስ ሙቀት በለጠውና ቆመ። የተሸከመውን ሁሉ ጫፉ ላይ አራገፈው። አሮጌው ክምር የምትሉት እሱ ነው። አዲሱም ከዚህ አያልፍም።»

«የድሮውን ከዚህ አትለፍ ያለው ማነው?» አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ ሰው ሳቀ።

አንጓች ተነሳች። «የወሰደውን ያወርዳል አልክ?»

«አዎ እናት። በረዶ ሌባ አይደለም፤ ተሸካሚ ነው።»

«ድንጋይ ያወርዳል?»

«ያወርዳል። ጊዜ ይፈጅበታል እንጂ ያወርዳል።»

«አጥንትስ?»

ኢንጂነሩ ኮፍያውን አስተካከለ። «ከሥሩ የያዘውን ይፈጨዋል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዱቄት ሆኖ ከውሃው ጋር ይወጣል።»

ከበረዶው ጫፍ ሥር የሚወጣው ውሃ እንደ አጓት ነጭ ነው። ታች አገር በቧንቧ የሚደርሰው፣ ሕፃን የሚታጠብበት፣ ሽሮ የሚበጠበጥበት እሱ ነው። አንጓች ከዚያ ስብሰባ ወዲህ አንድ ጉንጭ አልጠጣችም። ከክምሩ ጀርባ አንዲት ምንጭ አለች፤ በበጋ ክር ታክላለች። ጀሪካኗን አዝላ እዚያ ትሄዳለች።

«ደጅሽ ቧንቧ ተተክሎልሽ ምን ያንከራትትሻል?» አለቻት ጎረቤቷ።

«ልጄን አልጠጣም።»

ጎረቤቲቱ ዳግመኛ አልጠየቀቻትም። ጥቂት ቀን እሷም ወደ ምንጯ ተመላለሰች። ኋላ ተወችው፤ ሩቅ ነው።

ጅብራ ሜዳ በሚባለው በዚህ መንደር ጠዋት ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ምሰሶ ላይ የሰቀለው ድምፅ ይናገራል። ቅዳሴ ባያልቅም ይናገራል። «እንደምን አደራችሁ። በረዶው ትናንት ሁለት ጣት ተራምዷል። የዛሬው የውሃ ተራ የጎንደር ነው። መልካም ቀን።» ሰውም ለምዶት መንገድ ላይ ሲገናኝ «እንዴት አደርክ? ስንት ሄደ?» ይባባላል። ልጆች በረዶውን አያ ነጩ ይሉታል። አልቅሰው እምቢ ሲሉ «ለአያ ነጩ እሰጥሃለሁ» ይባላሉ፤ አይፈሩም። በሌሊት ሲሰነጠቅ ጅብ የሚያስሮጥ ድምፅ ያወጣል፤ እነሱ ከሱ ጋር ነው የተወለዱት።

የመንደሩ ሥራ በረዶውን ማልበስ ነው። ፀሐይ ሳትበረታ በረዶው ነጭ ሸራ ይለብሳል፤ ስትጠልቅ ይገፈፋል። ሴቶቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው የሸራውን ጠርዝ ይዘው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ጫፉን በድንጋይ ያስይዙታል። መጀመሪያ ያዩት አሮጊቶች አልቅሰው ነበር፤ መግነዝ መስሏቸው። አሁን የሚያለቅስ የለም። ከአንጓች በስተቀኝ ሁልጊዜ የምትቆመው እንይሽ ናት። እንይሽ አትናገርም። አፅም በፈለሰበት ዓመት አፏ ተያዘ። ምክንያቱን የጠየቀ ሰው «ተዋት» ነው የሚባለው። ሸራ ማጠፍ ላይ ግን የሚደርስባት የለም፤ ጠርዙን ከጠርዙ ስታገጥም እንደ ልጅ ልብስ በመዳፏ ትዳብሰዋለች።

ባዘዘው ደግሞ የጫፍ ጠባቂ ሆነ። በረዶው ያራገፈውን ድንጋይ እየዞረ ያያል፤ ቧንቧ ሊደፍን የደረሰውን ያነሳል፤ ብርዱን ሲምግ ይውላል፤ ሳልም ያዘው። ማታ ማታ ሸራው ከተገፈፈ በኋላ አንጓችም ወደ ጫፉ ትሄዳለች። እሷ ከአንዱ ዳር ትነሳለች፣ እሱ ከሌላው። ሁለቱም መሬት መሬት እያዩ ይሄዳሉ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ቀይ፣ ነጭ መቀነት የታጠቀ። ፊት ለፊት ሊገጣጠሙ ሲሉ እሷ ትመለሳለች።

በቅበላ ሰሞን፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ሰው ይታረቃል። ተኳርፎ ጾም መግባት ነውር ነው። በዳይ የሆነ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ይሸከምና ሽማግሌ አስከትሎ ከተበዳይ ደጅ ይቆማል። ድንጋዩን የሚያወርድለት ተበዳዩ ብቻ ነው፤ «ይቅር ለእግዜር» ብሎ። ሌላ እጅ አይነካውም።

ባዘዘው የመጀመሪያውን ዓመት የመጣው አባ ምንይችልን አስከትሎ ነው። አባ ምንይችል ያን ጊዜም ሽበታም ነበሩ። አንጓች በሯ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«በድያለሁ፣ እታለም» አለ ባዘዘው። ጥቁር፣ እንደ ሰፍነግ የተበሳሳ ድንጋይ ተሸክሟል።

«እሱን አውቀዋለሁ። ለምን እንዲያ አልክ?»

«በድያለሁ።»

«ስማ ባዘዘው። ልጄ ስትወለድ ያዘለቻት ሚስትህ ናት። ስትሞት ጉድጓዷን የቆፈርከው አንተ ነህ። ባለቤት የለውም ያሰኘህ ምንድነው? ንገረኝና አሁኑኑ አወርድልሃለሁ።»

ባዘዘው ድንጋዩን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘ። አንገቱ ሥር ያለው ጅማት ተገትሯል።

አባ ምንይችል ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «አንጓች፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አሉ።

«እኔ መች ልሰርቅ ወጣሁ፣ አባ? የሰረቀው እሱ ነው፤ ሳሉም የሱ ነው።»

ባዘዘው ጥላው እስኪረዝም ቆመ። ከዚያ ራሱ አወረደው። ድንጋዩን ራስ ማውረድ ከመገፋት የባሰ ውርደት ነው፤ ሰው ፊቱን አዞረለት። ከበሯ አጠገብ አስቀመጠውና ሄደ።

በማግሥቱ ዓመት መጣ። በሦስተኛውም መጣ። «ለምን አልክ?» ትለዋለች፤ «በድያለሁ» ይላታል። አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ ቃል ጨመረ፤ «የሷን ድንጋይ ያገኘሁ ዕለት እሱን ነው የማመጣልሽ» አለ። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ በመጣ ቁጥር ቀድማ የምታየው ፊቱን ሳይሆን አንገቱን ሆነ። ጥቁር ነው። ግራጫ ነው። አረንጓዴ ነጥብ ያለው ነው። እሱ አይደለም።

ድንጋዮቹ በሯ ላይ ተቆለሉ። ከሥሩ ሣር በቀለ፤ የጎረቤት ፍየል እየወጣች ትቆምበታለች። «አያ ነጩ ለተራራው ይከምራል፣ ባዘዘው ለአንጓች ይከምራል» እያሉ ወጣቶቹ ተሳለቁ። ከሰማይ ሆና መሬት የምትለካው ማሽንም ካርታዋ ላይ ትንሽ ጉብታ አድርጋ አስፍራዋለች አሉ። «አንሺውና አጥር ሥሪበት» ያላት ሰው ነበር።

«እኔ አላመጣሁት፤ እኔ አላነሳውም» አለች።

ዘንድሮ ቅበላ ሲደርስ አንጓች ነጠላዋን አጥባ ለበሰች። ለምን እንዳጠበችው የጠየቃት የለም እንጂ ቢጠይቃት አድፎ ነበር ትለው ነበር። ደጇን ጠረገች። ደፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ለቀመች። ፀሐይዋ ከክምሩ ዞረች። ባዘዘው አልመጣም።

በማግሥቱ ጠዋት ድምፁ «ሦስት ጣት» ብሎ ሲያበቃ ስመኝ መጣች። ስመኝ የባዘዘው ሚስት ናት። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ለቅሶ ቤት ሲገናኙ እንኳ ከአንጓች ጋር በአገጭ ነው የሚተያዩት። ከደጇ ክምር ወዲያ ቆመች፤ አልተሻገረችውም።

«እታለም፣ ድንጋዩ ተገኘ።»

አንጓች የትኛው አላለችም። የያዘችውን የምስር ሰፌድ መሬት አስቀመጠች።

«የት?»

«ከጫፉ። ትናንት ጠዋት ከጭቃው ብቅ ብሎ አየው። ጉልበት እንደሌለው እያወቀ፣ ሰው ሳይጠራ በጀርባው አመጣው። ደጃፋችን ሲደርስ ወደቀ። ሳሉ ደም ይዞ መጣ። ወዳንቺ ሊመጣ ሦስቴ ተነስቶ ሦስቴ ወደቀ።» ስመኝ ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንገቴ ላይ አድርጉልኝ አለ። አደረግንለት። በጎኑ ተኝቷል፤ ድንጋዩ አንገቱና ትከሻው ላይ ነው። እሷ ካላወረደችው አይወርድም ብሏል።»

«ለምን እንዳለ ይናገራል?»

«የሚተነፍሰው በግድ ነው።»

«የሚናገር ከሆነ እመጣለሁ።»

«አንቺ ሴት፣ ያንቺ ሆድ ከምንድነው የተሠራው?»

«ሂጂ፣ እመጣለሁ» አለች አንጓች። «ሸራው ይገፈፍና እመጣለሁ።»

«ሸራውን ሌላ ሰው ይገፍፈዋል።»

«የኔን ጠርዝ ሌላ ሰው አይዝም።»

ስመኝ ነጠላዋን አጥብቃ ወደ መጣችበት ተመለሰች። አንጓች ቀኑን በሙሉ የምትሠራውን እየሠራች ዋለች። ምስሩን ለቅማ ጨረሰች። ወደ ምንጯ ወረደች። ልቧ ወደ ባዘዘው ቤት ሊሄድ ሲነሳ «ይናገራ» ትለዋለች። ይህን ያህል ዓመት የጠበቀች አንድ ቀን ብትጨምር ምን ይላል አለች። አንድ ቃል ነው የፈለገችው፤ ሰው አንድ ቃል ለመናገር ስንት ትንፋሽ ይፈልጋል።

ሸራ መግፈፊያው ሲደርስ በሰልፉ ቆመች። ሸራውን ሰበሰቡ፤ ማጠፍ ጀመሩ። አንጓች ጠርዟን ከጠርዝ ልታገጥም ስትል ዓይኗ ወደ ባዘዘው ቤት ሄደ። እንይሽ አየቻት። ቀረብ ብላ ጠርዙን ከእጇ ወሰደችው፤ ከዚያ መዳፏን ከአንጓች ጀርባ አሳርፋ ገፋቻት። አንጓች ዞረች። እንይሽ እንደገና ገፋቻት፤ አሁን በኃይል ነው። አንጓች ቁልቁል ሄደች፤ አሮጌው ክምር ላይ ስትደርስ መሮጥ ጀምራለች።

የባዘዘው ግቢ ሰው ሞልቶታል። ወንዶቹ ቆመዋል፤ ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው መሬት ላይ ናቸው። የሚያለቅስ ሰው ግን የለም። ሰው ሞልቶት ልቅሶ የሌለበት ግቢ አይታ ስለማታውቅ በሩ ላይ ቆመች።

«እንዴት ነው?» አለች።

አባ ምንይችል ከአግዳሚው ተነሱ። አርጅተዋል፤ ሁለት ሰው ደገፋቸው። «ከቀትር ወዲህ አረፈ» አሉ።

«እና ለምን አታለቅሱም?»

«ድንጋዩ አልወረደም፣ አንጓች። በዳይ ሆኖ ተሸክሞ ያለ ሰው አይገነዝም፣ አይለቀስለትም። ማን ያውርደው? እኔ ላውርደው?»

ገባች። ባዘዘው በግራ ጎኑ ተጋድሟል። ከስቷል፤ ድሮም ወፍራም አልነበረም። ድንጋዩ አንገቱ ላይ ነው፤ እንዳይወድቅ አንድ እጁ ይዞታል። ቀይ ነው። በረዶው አንዱን ጎኑን እንደ ቆዳ አልፍቶታል፤ ላዩ ላይ በምስማር የተሰመረ የመሰለ ቀጥ ቀጥ ያለ ጭረት አለበት። ሞላ የቀረጸው መስቀል ግማሹ የለም። መቀነቱ ግን አለ፤ ነጭ፣ ዙሪያውን።

አንጓች ተንበረከከች። እጇን ሰደደች፤ ድንጋዩን ግን አላነሳችውም።

«ለምን እንዳለ ሳይነግረኝ ሄደ» አለች።

ስመኝ ከራስጌው ነበረች። ቀና ብላ አባ ምንይችልን አየቻቸው። «ንገሯት። መሐላው ለሱ ነበር፤ እሱ ሄደ።»

አባ ምንይችል በርጩማ ተሰጣቸው።

«ያን ዕለት እኔም ነበርኩ» አሉ። «ከዝናሽ ጎን የተቀበረው የእንይሽ ልጅ ነው፤ በዚያው ሳል የሞተ። ‹የማነው?› ሲሉ እናቱ ‹የኔ ነው› አለች። ቀቡት፤ ከፈቱት። ክረምቱ መውጣቱ ነበር፣ አንጓች። ገና አፅም አልሆነም ነበር።»

አባ ምንይችል ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«እንይሽ ከዚያ ወዲህ ያው እንደምታያት ናት። ባዘዘው አያት። ቀጥሎ ዝናሽ ነበረች፤ ‹የኔ ናት› ካለ እሷም ልትከፈት ነው፣ እሱም ቆሞ ሊያይ ነው። አስቢው፤ እሱ ነው ትከሻው ላይ አድርጎ ጥምቀት የሚያወርዳት። በረዶው እዚያ ለመድረስ ብዙ ዓመት አለው ብለውን ነበር። ‹አጥንቷ ሲደርቅ እናቷ መጥታ ታነሳታለች፤ እስከዚያ ማንም አይንካት› ብሎ ነው ባለቤት የለውም ያለው። አንቺ ሳትመጪ በረዶው መጣ።»

«እና ለምን አልነገረኝም?»

«ለእናት እንዴት አድርጎ ይነገራል? ‹የልጇን ገላ እያሰበች ከምታድር እኔን ትጥላኝ› አለ። እኛንም አስማለን።»

አንጓች የባዘዘውን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀች። ድንጋዩን በሁለት እጇ አቅፋ አነሳችው። ሞላ ሲያመጣው ሁለት ሰው አውርዶታል፤ አሁን ግን ለብቻዋ ታነሳዋለች፤ በረዶው በልቶታል።

«ይቅር ለእግዜር፣ ባዘዘው» አለች።

ከግቢው ውጭ ያሉት ሰሙት። ልቅሶው ያን ጊዜ ተነሳ።

በማግሥቱ ከአሮጌው ክምር ማዶ ቀበሩት። ድንጋዩን ለማንም አልሰጠችም፤ እንደ በዳይ አንገቷ ላይ አድርጋ ከሬሳው ኋላ ሄደች። ከራስጌው ራሷ አቆመችው። «የሁለቱም ይሁን» አለች፤ የተቃወማት የለም። አፈሩ ሲመለስ «አፈሩን ገለባ ያድርግላችሁ» አለች። ከዝናሽ ሞት ወዲህ ይህ ቃል ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ድምፁ በዚያ ጠዋት በረዶው ሦስት ጣት ተኩል መሄዱን፣ የውሃ ተራውም የመተማ መሆኑን ተናግሮ ነበር።

ዓመቱ ዞሮ ቅበላ ደረሰ። አንጓች ከበሯ ወጥታ ክምሩ ሥር ተንበረከከች። ከላይ ያለውን አላነሳችም፤ ሣሩን ነቅላ፣ ሌሎቹን ወዲያ አድርጋ፣ ከሥር ያለውን ጥቁሩን፣ እንደ ሰፍነግ የተበሳሳውን አወጣች። አንገቷ ላይ አደረገችው። ወደ አባ ምንይችል ቤት ሄደች።

አባ ምንይችል ፀሐይ እየሞቁ ነበር። «ሴት ልጅ ድንጋይ ተሸክማ ዕርቅ ስትወጣ አይቼ አላውቅም» አሉ።

«አሁን ይዩ። ይነሱ ይከተሉኝ።»

ስመኝ ደጅ ቆሙ። ስመኝ ወጣች። ድንጋዩን አየችው፤ ማወቅስ አወቀችው።

«በድያለሁ» አለች አንጓች።

«ትከሻውን በሞቀ ውሃ ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለች ስመኝ። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «በየቅበላው። የተላጠውን ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ። የዚህኛው ቀዳዳ ቀዳዳው ሥጋው ላይ ታትሞ ነበር ቤት የገባው። እኔ እንዳንቺ ‹ለምን?› ብዬ አልጠይቅሽም። ዞር ብለሽ አንድ ቀን አንገቱን ብታይለት ይበቃኝ ነበር።»

«አይቼው ነበር» አለች አንጓች። «የሷን ድንጋይ ስፈልግ ነበር የማየው።»

አባ ምንይችል ከዘራቸውን አንስተው «ስመኝ፣ ቂም ይዞ...» ብለው ጀመሩ።

«ይተዉት፣ አባ» አለች አንጓች። «ተራዋ ነው።»

ስመኝ ገባች። በሩን አልዘጋችውም። አንጓች ከነድንጋዩ ቆመች። ሸራ ሊገፍፉ የሚሄዱት ሴቶች አጠገቧ ሲያልፉ ፊታቸውን አዞሩላት፤ እንይሽ ብቻ ቆማ አየቻት። ጥላዋ ረዘመ። አንገቷ ደነዘዘ። ያን ጊዜ ድንጋዩን ራሷ አወረደችው፤ ከስመኝ በር አጠገብ አስቀመጠችው። ተንገዳገደ። ከሥሩ ጠጠር ሸጉጣ አስተካከለችው፤ ሰው እንዳያደናቅፍ።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ክምሩ ጎኑ ተቦድሶ አገኘችው፤ ጥቁሩ የወጣበት ቦታ ጎድጉዷል። ቆማ አየችው። ገና ብዙ ነው። ዕድሜዋ አይበቃት ይሆናል እንጂ ለየቅበላው ድንጋይ አይቸግራትም።